ዓሦቹን ማን አበላቸው?

ጥር 6፣ ሰኞ

የዓሣው ገንዳ መስታወት ላይ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር በቅሏል። በጣቴ ስነካው ለቀቀ። የሆነ ሰው አረንጓዴ ጠመኔ ፈጭቶ የነፋበት ይመስላል። አልጌ ነው፣ ምንም አይደለም። ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ፋቅሁት፤ ከውሃው ሲሶውን ቀይሬ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ይህን ደብተር ያወጣሁት ለዚሁ ነው። ፋርማሲስት ነኝ፤ እኛ ሕመምተኛ የምናውቀው በተጻፈ ነገር ነው። መቼ ጀመረው፣ ምን ተሰጠው፣ ምን ለውጥ አሳየ። ገንዳውም እንደዚያው ይመዝገብ። ሁለት መቶ አርባ ሊትር ውሃ። ኒዮን የሚባሉ ሃያ ስምንት ትናንሽ ዓሦች፤ ጀርባቸው ሰማያዊ፣ ከወገባቸው እስከ ጭራቸው ቀይ። ቁጥራቸውን የማላውቀው ትናንሽ ሽሪምፖች፣ ባለ ብዙ እግር የውሃ ፍጥረቶች። ከፊት ድንጋይ ላይ የታሰሩ ሰፋፊ ቅጠሎች፣ ከኋላ እስከ ውሃው አፍ የሚደርስ ረጅም ሣር። ዘጠኝ ዓመት ያለ ችግር።

ጥር 9፣ ሐሙስ

ተመልሶ መጣ። ፋቅሁት።

ጠዋት ስነሳ የገንዳው መብራት በርቶ አገኘሁት። መብራቱ በሰዓት ቆጣሪ ነው የሚሠራው፤ ጠዋት አራት ሰዓት ይበራል፣ ማታ አሥራ ሁለት ላይ ይጠፋል። አንድ ሰው ማዞሪያዋን ዘወር አድርጎ ሌሊቱን ሙሉ አብርቶታል። ባለቤቴን ጠየቅኳት። «እኔ አልነካሁም» አለች። እኔም አልነካሁም። ወደ ቦታዋ መለስኳት። ቸኩያለሁ።

ጥር 12፣ እሁድ

ዛሬ ደግሞ ሌላ ዓይነት። ከረጅሙ ሣር ላይ አረንጓዴ ፀጉር ተንጠልጥሏል፤ ቀጭን፣ በጥርስ ብሩሽ ስጠመዝዘው እንደ ክር ተጠቅልሎ የሚወጣ። አንድ ጭብጥ ሙሉ አወጣሁ። ከድንጋዮቹ መሐል የበሰበሰ ምግብ ነበር፤ እንደ ጥጥ ነጭ ሻጋታ ያወጣ። እኔ በቀን አንዴ፣ ጠዋት፣ ቆንጠር አድርጌ ነው የማበላቸው። ሁሉንም በሁለት ደቂቃ ይጨርሱታል። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?

አማቴ ከወንበራቸው ሆነው ያዩኛል። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ እኛ ጋ ነው የሚኖሩት። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ትምህርት ቤት ስታስተምር፣ እኔ ፋርማሲ ስውል፣ እሳቸው ገንዳው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። ዓሦቹን «ቀይ ቀበቶዎቹ» ነው የሚሏቸው።

ከምሳ በኋላ ወደ ማድ ቤት ስሄድ እናትና ልጅ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ለምን አትነግሪውም?»

«ይደነግጣል፣ እማዬ። ትንሽ እንየው።»

ስገባ ዝም አሉ። ስለ መታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ መሆን አለበት፤ ያንጠባጥባል። አስጠግነዋለሁ ብዬ ነበር።

ጥር 15፣ ረቡዕ

ከሥራ ቦታ፣ ምሳ ሰዓት። ረዳቴ አዲስ ደንብ አምጥታለች። እያንዳንዱ የመድኃኒት ማዘዣ በሁለት ሰው ይታይ ትላለች። «ትልልቆቹ ጋ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ጋሼ።» ጎበዝ ፋርማሲስት ናት፤ ጥንቃቄዋን እወድላታለሁ። እሺ አልኳት።

ግን ሠላሳ አንድ ዓመት መድኃኒት ሰጥቻለሁ እኮ። ለምን አሁን? ደግሞ የእኔን ስታይ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው የምታነበው።

ሰው ገባ።

ጥር 18፣ ቅዳሜ

ሁለት ቅጠል ቆርጬ በጠርሙስ ውሃ ይዤ ወደ ካፒቴን ሄድኩ። ካፒቴን የምንለው ዓሣ ሻጩን ነው፤ የመርከበኛ ኮፍያ ከራሱ አይወርድም። ባሕር ያየው በቴሌቪዥን ብቻ እንደሆነ ራሱ ይናገራል።

አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ቅጠሎቹን ገለባበጣቸው።

«ይሄ የምታውቀው ፀጉሩ ነው። ይሄኛውን ግን ተመልከተው። ጠርዙ ላይ ጥቁር፣ ሦስት ቀን እንዳልተላጨ ሰው። ጥቁር ጢም ነው። ክፉው እሱ ነው፤ ብትፍቀው አይለቅም።»

«መድኃኒቱስ?»

«አይ አንተ! መድኃኒት ሻጭ ስለሆንክ ሁሉም ነገር መድኃኒት ያለው ይመስልሃል።» ሳቀ። «አልጌ በሽታ አይደለም፣ ወዳጄ። አሳባቂ ነው። ቤት ውስጥ የተደበቀ ነገር ካለ እሱ ይናገርብሃል። ወይ መብራት በዝቷል፣ ወይ ምግብ በዝቷል። የተረፈው ይበሰብስና አልጌው ይደልብበታል። ማነው የሚያበላቸው?»

«እኔ። በቀን አንዴ።»

ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «እንግዲያ ምግቡን ማን ይጨርሰዋል? በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጣሳ ወስደሃል።»

ሦስት ጣሳ! አንዱ አራት ወር ነው የሚበቃኝ። ከሌላ ደንበኛ ጋር አምታቶኛል፤ በቀን ስንት ሰው ነው የሚያየው። አልተከራከርኩትም። ምግብ እያለቀብኝ ስለነበር አንድ ጣሳ ይዤ ወጣሁ።

ጥር 19፣ እሁድ

ዛሬ ያደረግኩትን ባላደርገው ይሻል ነበር።

ጠዋት ከገንዳው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ሳጸዳ ከባልዲው ኋላ ሦስት ባዶ ጣሳ አገኘሁ። ካፒቴን አልተሳሳተም ማለት ነው፤ ምግቡን የገዛውን ባላውቅም የበተነው ሰው እዚህ ቤት ውስጥ አለ። ቀኑን ሙሉ እቤት የሚውለው ማነው? አንድ ሰው ብቻ ነው። ዕድሜ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ሰው ሲያረጅ ያደረገውን ይረሳል።

በምሳ ላይ ተናገርኩ። ድምፄን ለማለስለስ ሞክሬ ነበር።

«እማማ፣ ዓሦቹን እርስዎ አያብሏቸው። እባክዎ።»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እኔ?»

«እየበዛባቸው ነው። ውሃው እየተበላሸ ነው። ረስተውት ይሆናል እንጂ…»

ባለቤቴ «አንተ!» ብላ ጮኸች። አማቴ እጃቸውን እጇ ላይ አደረጉ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እሺ ልጄ» አሉ። «ይቅርታ አድርግልኝ። ከእንግዲህ አላበላም።»

ባለቤቴ ሳህኗን ይዛ ተነሳች። ማድ ቤት ውስጥ ውሃው ሲፈስ ሰማሁ፤ ዕቃ ስታጥብ ግን አልሰማሁም።

ለምን ነው ደስ ያላለኝ? አመኑ እኮ።

ጥር 22፣ ረቡዕ

ጥቁሩ ጢም ሰፋፊዎቹን ቅጠሎች በሙሉ ያዘ። መስታወቱም ተመልሶ አረንጓዴ ሆኗል። መብራቱ ጠዋት በርቶ ነበር።

ፋርማሲ ውስጥ አንዲት እናት ለሕፃኗ ሽሮፕ ወስዳ ወጣች። ጠርሙሱን ረዳቴ አላየችውም፤ ስልክ እያናገረች ነበር። ስልኩን ዘግታ ማዘዣውን ስታነብ ፊቷ ተለዋወጠ። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች እየሮጠች ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ የታክሲ በር ይዛ ከሴትየዋ ጋር ስታወራ። ጠርሙሱን ተቀብላት ተመለሰች፣ ጓዳ ገባች፣ ይዛ ወጥታ ሰጠቻት።

«ምንድነው?» አልኳት።

«ደረሰኝ ረስታ ነው፣ ጋሼ።»

ስንዘጋ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ተቀድዶ አየሁ። «10 ሚሊ፣ በቀን 3 ጊዜ» ይላል። ጽሕፈቱ የእኔን ይመስላል። ለአዋቂ የተጻፈ የቆየ ወረቀት ይሆናል። ግን መጣያው በየቀኑ ይደፋል።

ራሴን አመመኝ። በቃኝ ለዛሬ።

ጥር 24፣ ዓርብ

ዘዴ አገኘሁ። ከገንዳው አጠገብ ወረቀት ለጠፍኩ፣ እርሳስ በክር አንጠለጠልኩ። ማንም ሰው ሲያበላ ሰዓቱን ይጻፍ። ለሁሉም ነገርኳቸው። አማቴ «መልካም ነው» አሉ፤ ከሹራባቸው ቀና ሳይሉ።

አሁን ይታያል።

ጥር 25፣ ቅዳሜ

ወረቀቱ ላይ ያለው፦

ጠዋት 1፡00
1፡40
3፡10
ከሰዓት 8፡00
8፡15

አምስቱም በእኔ ጽሕፈት።

የአንድ ሰዓቱን አስታውሳለሁ። ሌላው የእኔ አይደለም። መጀመሪያ ያሰብኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል። አማቴ ጽሕፈቴን አስመስለው ጻፉብኝ አልኩ። እሳቸው! በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው! የእኔን ጽሕፈት እንኳን ሌላ ሰው ሊያስመስለው፣ እኔም አንዳንዴ አላነበውም።

ወረቀቱን ቀድጄ ኪሴ ከተትኩት። ባለቤቴ ስትገባ «ወረቀቱስ?» አለች። «ረጠበ» አልኳት።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

ፀጉር አስተካካዩ ጋ ገብቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። «ጋሼ፣ ትናንት ነው እኮ የቆረጥኩዎት። ምን ልቁረጥ? ጆሮ?» አለ። ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ «ለሰላምታ ነው የገባሁት» ብዬ ወጣሁ።

ውጭ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አንገቴን በእጄ ዳሰስኩት፤ አዲስ የተቆረጠ ነው።

እንቅልፍ ስለማልተኛ ነው። ሐሳብ በዝቶብኝ ነው። ይሄ የገንዳው ነገር።

የካቲት 1፣ ዓርብ

ዛሬ ሥራ አልገባሁም። በጥቁሩ ጢም ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ላደርግበት ነው፤ ቁስል የምንጠርግበት ያው። በመርፌ ስቦ ቅጠሉ አጠገብ ቀስ እያሉ መርጨት ነው። ለሁለት መቶ አርባ ሊትር ስልሳ ሚሊ ልክ ነው፤ ሁለት ጊዜ አስልቼዋለሁ። ከዚያ ካለፈ ሽሪምፖቹን ይገድላል። ትናንት ከፋርማሲው መደርደሪያ አዲስ ጠርሙስ አምጥቻለሁ፣ አምስት መቶ ሚሊ።

ጨመርኩ። ከጢሙ ላይ ትናንሽ አረፋ ተነሳ። ደስ ይላል።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

የምጽፈው ገና አሁን፣ ማታ ነው።

ጠዋት ኒዮኖቹ በሙሉ ውሃው አፍ ላይ ተደርድረው አየር ይጎርሱ ነበር። ከታች አሸዋው ላይ ሽሪምፖቹ ነጭ ሆነው ወድቀዋል። እንደ ተበተነ ሩዝ። ባልዲ፣ ቱቦ፣ ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፤ እንደገና ግማሹን። አሥራ አንድ ኒዮን ሞተ። ሽሪምፖቹን መቁጠር አልቻልኩም።

ከዚያ ጠርሙሱን አነሳሁ። ለምን እንዳነሳሁት እንጃ፤ የእጅ ልማድ ነው። ብርሃን ላይ አድርጌ መስመሩን አየሁ። የቀረው ሦስት መቶ ሃያ ነው።

ከአምስት መቶ ሦስት መቶ ሃያ ሲነሳ መቶ ሰማንያ። መቶ ሰማንያ ለስልሳ ሲካፈል ሦስት። ሦስት ጊዜ። ትናንት ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና አማቴ ብቻ ነን፤ እሳቸው ደግሞ ያለ ሰው እርዳታ ከወንበሩ አይነሱም። እንደማይነሱ ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር። ያን እሁድም አውቅ ነበር።

ዞር ስል እያዩኝ ነው። ሹራቡ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል።

«እማማ፣ እኔ ነኝ?» አልኳቸው።

«አዎ፣ ልጄ።»

«ምግቡንም?»

«ምግቡንም። ታበላቸውና ጫማህን ታደርጋለህ። ደግሞ ትመለስና 'እነዚህን ሳላበላ ልሄድ ነበር' ትላለህ። መብራቱንም አንተ ነህ። ሌሊት ተነስተህ ታበራና ቆመህ ታያቸዋለህ።»

«ትናንትስ? ለምን አላስቆሙኝም?»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ሁለተኛውን ጊዜ ነገርኩህ። 'ጨምረሃል እኮ' አልኩህ። 'ገና ነው እማማ' አልከኝ። ተቆጣህ። አንተ ተቆጥተኸኝ አታውቅም። ሦስተኛውን ጊዜ… ፈራሁህ፣ ልጄ።»

ይህን አላስታውስም። አንዱንም። ጻፍኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ አሁንም የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለኛል።

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ያን እሁድ ለምን ይቅርታ ጠየቁኝ? ያላደረጉትን?»

«ፊትህን አይቼ ነዋ። የኔ ጥፋት ይሁን ብዬ ነው። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ረሳች ቢሉኝ ምን ይቀርብኛል?»

ጭንቅላቴን ጉልበታቸው ላይ አደረግኩ። በስልሳ ዓመቴ። እጃቸውን ፀጉሬ ላይ አደረጉ። ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ እንደዚያው አገኘችን። ዘንቢሉን በሩ ላይ ጥላ መጣች። ማንም ምንም አላስረዳትም፤ አስቀድማ ታውቀው ነበር።

የካቲት 3፣ እሁድ

ስለ ገንዳው አይደለም የማስበው። ዓሣ ዓሣ ነው።

10 ሚሊ፣ በቀን 3 ጊዜ። ያቺ ሕፃን በእናቷ ትከሻ ላይ ነበረች፤ ቢጫ ኮፍያ አድርጋ።

ኮፍያዋን እንዴት አልረሳሁትም?

የካቲት 4፣ ሰኞ

ከመክፈታችን በፊት ረዳቴን ጓዳ ጠራኋት።

«ስንት ጊዜ ነው?»

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«አትደብቂኝ። ያቺ እናት ደረሰኝ አልረሳችም።»

ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ጀመረች፤ ጣቶቿን እየቆጠረች። «አራት። የሽሮፑ አራተኛው ነው። የመጀመሪያውን ድካም ነው አልኩ። ሁለተኛ ላይ ያንን ደንብ አመጣሁ። ማንንም አልጎዱም፣ እግዜር ይመስገን፤ ሁሉንም ደርሼባቸዋለሁ። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፤ እንዴት አድርጌ ልንገርዎ?»

«የደረስሽባቸውን አራት ነው የምታውቂው» አልኳት።

እሷም አስባበታለች፤ ከፊቷ አየሁት። ያልደረሰችባቸው ካሉ በየቤቱ፣ በየመደርደሪያው፣ በእኔ ጽሕፈት ተቀምጠዋል። ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ነገር በሕይወቴ አላጋጠመኝም።

ቀኑን ሙሉ ዘግተን የሁለት ወር ማዘዣ አገላበጥን፤ እሷ እያነበበች፣ እኔ እየደወልኩ። ሃምሳ ሦስት ስልክ። «ፋርማሲው ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡልኝ።» አንድ ሽማግሌ የደም ግፊት ክኒናቸውን እጥፍ ጽፌላቸው ነበር። «እኔማ አንዷን ነው የምውጠው፣ ያንተን ጽሕፈት ማን ያነበዋል!» ብለው ሳቁብኝ። ስልኩን ይዤ አለቀስኩ፤ የሳቅኩ መሰላቸው።

ማታ ጋዋኔን አውልቄ የመርዛማ መድኃኒቶቹን ሣጥን ቁልፍ እጇ ላይ አደረግኩ። «ከነገ ጀምሮ የምትሰጪው አንቺ ነሽ። እኔ ለምኜሽ ብመጣም አትስጪኝ። ብቆጣሽም።»

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ሐኪም ጋ ሄድን። ወጣት ሴት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ትናንት ምሳ ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

«እሳቸውን አይዩ፣ እኔን ይዩኝ» አለችኝ ሐኪሟ።

በየጥያቄው መሐል አንገቴ በራሱ ይዞር እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ከመቼ ጀምሮ ይሆን? ባለቤቴ መሬት መሬት ታያለች።

ደም ወሰዱ። የጭንቅላት ምርመራ ታዘዘ። «አንዳንዱ ምክንያት የሚስተካከል ነው፣ አንዳንዱ አይደለም» አለች። «ሳናውቀው ስም አናወጣለትም።» እኔም ለስንቱ እንዲህ ብያለሁ። ከጠረጴዛው ወዲያ ሆኖ መስማቱ ሌላ ነው።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

ካፒቴን ኮፍያውን በእጁ ይዞ እቤት መጣ። ባለቤቴ ነግራዋለች። ጢም የያዙትን ቅጠሎች በሙሉ ቆረጠ፤ ሰዓት ቆጣሪዋን በፕላስተር አሸጋት፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፈነው። ሦስት ቀን ጨለማ፣ ያለ ምግብ።

«ይሞታሉ» አልኩ።

«ዓሣ በሦስት ቀን ረሃብ አይሞትም። በጥጋብ ነው የሚሞተው» አለ። ምግቡን አማቴ ጭን ላይ አስቀመጠ።

የጭንቅላት ምርመራው ለሰኞ ነው።

የካቲት 25፣ ሰኞ

ውጤቱ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ። ባለቤቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላም ይዛው ቆመች።

ገንዳው ጠርቷል። አዲስ ቅጠል ወጥቷል፤ ትንሽ፣ ጫፉ ንጹሕ። አሥራ ሰባቱ ኒዮኖች በሣሩ መሐል ይዋኛሉ። ከድንጋዩ ሥር አንድ ሽሪምፕ አየሁ። ለአማቴ በጣቴ ጠቆምኳቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው «እንኳን ተረፈች» አሉ።

ከእራት በፊት «ዛሬ በልተዋል፣ እማማ?» አልኳቸው።

«በልተዋል፣ ልጄ።»

ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ እንደ መጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ነው የመለሱልኝ። ባለቤቴ ግን ከምታርመው የተማሪ ወረቀት ላይ ቀና ብላ አየችኝና ቶሎ አቀረቀረች።

ይህን ዛሬ ስጠይቃቸው ስንተኛዬ እንደሆነ መጠየቅ ፈለግኩ። አልጠየቅኩም።